አቮካዶ ለመትከል ያሰባችሁ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች አግኙ

ሰላም እንዴት ናችሁ ወገኖች። ይሄን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ እግረ መንገዴንም ለመጠቆም። ቡታጅራ አካባቢ አቮካዶ አመርታለሁ። የዘንድሮውን የሀስ (የአቮካዶ ዝርያ ነው) ምርት በማህበራችን በኩል አስረክበን ሰሞኑን ሂሳባችን ገብቷል። በኪሎ የተመዘነ፣ ደረሰኝ የተቆረጠለት፣ ዋጋውም ፍሬው ከዛፍ ሳይወርድ የታወቀ። ለከተማ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ፍራፍሬ ለሚያመርት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ያደረሱን ሰዎች ስማቸው የትም ሲነሳ ስለማልሰማ ዛሬ እኔው ላነሳው ብዬ ነው።

ድሮ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። የአባቴ አቮካዶዎች ከዘር የበቀሉ ረጃጅም ዛፎች ናቸው። ደላላው ይመጣል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ዛፉን ያያል፣ "ይሄን በዚህ ያህል እወስደዋለሁ" ይላል። በግምት። ሚዛን የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ልጆች ይወጡና በእንጨት ያረግፉታል፤ የደረሰውም ያልደረሰውም አንድ ላይ መሬት ይወርዳል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይታጨቃል፣ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ሲደርስ ብዙው ተቀጥቅጧል። የዚያ ኪሳራ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው። ደላላው የሚበላሸውን አስቀድሞ አስልቶ፣ ቀንሶ ነዋ ዋጋ የሚጠራው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለወረዳችን ግብርና ጽህፈት ቤት የፍራፍሬ ባለሙያ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ "ባለሙያችን" እያልኩ እቀጥላለሁ። ሀስ መትከል እፈልጋለሁ ብዬ ቢሮዋ ስሄድ ስለ ችግኝ አንድም ቃል አልተናገረችም። መሬቱን ልየው አለች። መጣች። ጉድጓድ አስቆፈረችኝ፣ ውሃ አስሞላችኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ውሃው እስኪሰርግ ጠበቀች። ከታች በኩል ያለው መሬት ላይ ውሃው ቶሎ አልሄደም። "እዚህ ጋ አቮካዶ አትተክልም፣ ሌላ ነገር አድርግበት" አለችኝ፤ አለቀ። የላይኛው ላይም ቢሆን ችግኙ ከፍ ባለ መደብ ላይ እንጂ ጎድጓዳ ቦታ ላይ እንዳይተከል አዘዘች።

ለምን ይሄን ያህል እንደምትጨነቅ ስጠይቃት አንድ ታሪክ ነገረችኝ፤ እናንተም ስሙት። ሀስ የሚባለው ዝርያ የተገኘው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሀስ የተባለ ፖስታ አዳይ ከተከለው አንድ ዛፍ ነው። ሰውየው በፈረንጆቹ 1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ ሀስ በሙሉ ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ ከዚያም ከቅርንጫፉ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተዳቀለ ነው። እናት ዛፉ እዚያው ቆሞ ኖሮ በፈረንጆቹ 2002 ሞተ። የገደለው የስር መበስበስ ነው። ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ስሩን የሚያበሰብሰው በሽታ ዛፉ ስንት ዓመት ቆየ፣ ምን ያህል ታዋቂ ነው አይልም። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ ማፋሰሻ መከራከር ትቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር ችግኝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። የሀስ ፍሬ በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬ ለማየትም ብዙ ዓመት ትጠብቃላችሁ። የተዳቀለው ግን በሦስት ዓመት አካባቢ ማፍራት ይጀምራል። ጎረቤቴ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው "ሀስ ነው" ተብሎ ገዛ። ሻጩ ማን እንደሆነ አልናገርም። ችግኙ ያምራል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ግን ግንዱ ላይ የማዳቀል ምልክት የለውም። ከዘር የበቀለ ነበር። ሰውየው ያጠጣበት፣ ያረመበት፣ ያጠረበት ጊዜ ሁሉ እንዲሁ ቀረ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ ይመለስ ይሆናል፣ ዓመታቱ ግን አይመለሱም።

እኛን ከዚህ ያዳነን የችግኝ ጣቢያ ሰራተኞቹ ናቸው። በአካባቢያችን የተዳቀለ አቮካዶ እንዲለመድ የእስራኤሉ የልማት ትብብር ድርጅት ማሻቭ ከግብርና ሚኒስቴርና ከአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ጋር ሆኖ የሰራው ስራ ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ ሙያውን የለመዱ ልጆች ዛሬም አሉ። አንዲቱን ልጅ ስታዳቅል ቆሜ አይቻለሁ። የአገሬው አቮካዶ ችግኝ እርሳስ ሲያክል አናቱን ትቆርጠዋለች፣ ግንዱን መሃል ለመሃል በስለት ትሰነጥቀዋለች፣ ከሀሱ ዛፍ የመጣችውን ለጋ ቅርንጫፍ ጫፏን በሁለት በኩል እንደ ሽብልቅ ትጠርባትና ስንጥቁ ውስጥ ትሰካታለች። ቆዳ ከቆዳ ካልገጠመ አይዝም አለችኝ። ከዚያ በቀጭን ላስቲክ ጠበቅ አድርጋ ትጠቀልላለች፣ አናቷ እንዳይደርቅ ትሸፍናታለች። ስለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ በአልኮል ትጠርገዋለች፤ በሽታ እንዳይተላለፍ። ይሄን ሁሉ የምታደርገው እጇ ሳያቋርጥ፣ እያወራችን ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ። አንድ ችግኝ "ውድ ነው" ከማለታችሁ በፊት ይሄን ስራ አንዴ ሄዳችሁ እዩት።

ከነሱ ጀርባ ደግሞ መልካሳ አለ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል ነው፣ ስራ ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። አቮካዶ በሉት፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ የቆላ ፍራፍሬ ዝርያ ሲነሳ መልካሳ ሳይነሳ አይታለፍም። ሀስ፣ ኢቲንገር፣ ናባል፣ ፉዌርቴ፣ ፒንከርተን የሚባሉትን ዝርያዎች እኛ ስማቸውን ሳንሰማ እነሱ ተክለው፣ ለክተው፣ መዝግበው ያውቋቸዋል። ስልጠና ሲሰጡ እንደ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዛፉ ስር ነው የሚያስቆሟችሁ።

እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አሁንም ይገርመኛል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው። የሀስ አበባ መጀመሪያ ጠዋት ላይ ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። እነ ኢቲንገርና ፉዌርቴ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ስለዚህ ሀስ ብቻውን ከሚተከል መሃል መሃሉ ላይ ኢቲንገር ቢገባበት አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል። ንብ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ። እኔ ኢቲንገሮቹን ከነቀፎው አስገብቻለሁ። ይሄን ማንም ደላላ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ማህበራችን ልምጣ። መሰረታዊ የህብረት ስራ ማህበራችን ትንሽ ነው፤ ከዩኒየኑ ጋር ነው የሚሰራው። ጸሃፊያችን ጋሼ (እሳቸውም ስሜ አይጻፍ ብለዋል) መዝገባቸውን ሲይዙ ብታዩ! ማን መቼ ምን ረጨ፣ ስንት ቀን ቆይቶ ለቀመ፣ ስንት ሳጥን አስረከበ፣ ሁሉም ተጽፏል። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን "ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ ወረቀት" ብለን ነበር። ኋላ ነው የገባን። አውሮፓ የሚገዛው ሰው ግሎባል ጋፕ የሚባል የጥሩ እርሻ አሰራር ሰርተፍኬት ይጠይቃል፣ ሰርተፍኬቱ ደግሞ የሚቆመው በመዝገብ ነው፤ ፍሬው ላይ ችግር ቢገኝ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ መታወቅ አለበት። አንድ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ብቻውን የኦዲቱን ወጪ አይችለውም። በቡድን ሲሆን ግን ወጪው ይከፋፈላል፣ ቁጥጥሩንም እርስ በርስ እናደርጋለን። ማህበር ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ ይሄ ነው።

የለቀማው ነገር ደግሞ አለላችሁ። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፣ ከወረደ በኋላ ነው የሚለሰልሰው፤ በዓይን አይታችሁ ደርሷል ማለት አትችሉም። ማህበራችን ናሙና ይወስዳል። ፍሬው ይላጣል፣ ዘሩ ይወጣል፣ ስጋው ተፈግፍጎ 100 ግራም ይመዘንና ማይክሮዌቭ ውስጥ ይገባል። ደረቀ፣ ተመዘነ፣ እንደገና ገባ፣ ተመዘነ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ። መጨረሻ ላይ 24 ግራም ከቀረ ደረቅ ይዘቱ 24 በመቶ ነው ማለት ነው። አውሮፓ ለሀስ ቢያንስ 21 በመቶ ይፈልጋል። ያንን ያልደረሰ ፍሬ ሲቀመጥ ከመለስለስ ይልቅ ይጨማደዳል፣ ጣዕምም የለውም። ስለዚህ ጋሼ "ገና ነው" ካሉ ገና ነው። ገዢ ቸኩሎ በር ላይ ቆሞ እንኳን አያስለቅሙንም። ሲለቀምም በመቀስ ነው፤ ትንሽ እንጥልጥሉ ፍሬው ላይ ቀርቶ፣ መሬት ሳይነካ፣ በፕላስቲክ ሳጥን፣ ጥላ ስር።

አንድ ክፉ ጊዜ ገጥሞን ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው ገዢ ውል ፈርሞ፣ ፍሬው ደርሶ፣ ስልኩን ዘጋ። የዚያን ጊዜ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ደላላ እግር ስር ነበር የምወድቀው። የማህበሩ ሊቀመንበርና የዩኒየኑ የገበያ ሰራተኛ ግን ስልክ ላይ ነው ያደሩት ማለት ይቻላል። ለላኪ የሚሆነውን ለሌላ ላኪ አገኙለት፤ ልጡ የተጫረውንና መጠኑ ያነሰውን ለየብቻ ለይተው ለአገር ውስጥ ገበያ ሸጡት። ዋጋው ከውሉ አነሰ፣ እውነት ነው። ግን ፍሬ አልተጣለም፣ ከሁላችንም የተሸጠው በመዝገብ ስለነበር ማንም ማንን አልጠረጠረም። ሊቀመንበራችን ከዚያ ወዲህ ቅድመ ክፍያ የሌለበት ውል አልፈርምም ብሏል፤ ትክክል ነው።

ሲዳማ ያላችሁ ከኛ የተሻለ አንድ ነገር አላችሁ፤ ይርጋለም አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአቮካዶ ዘይት ፋብሪካ አለ፣ ለላኪ መልክ የማይሆነው ፍሬ እዚያ ይሄዳል። ከዚያ ሰፋ አድርጋችሁ በኢንቨስትመንት ደረጃ የምትሰሩ ደግሞ የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማህበርን አነጋግሩ። በፈረንጆቹ 2002 የተመሰረተ ነው፣ ብዙ ሰው የአበባ ማህበር ብቻ ይመስለዋል፣ ግን የፍራፍሬና የአትክልት ላኪዎችም አባል ናቸው፤ የአሰራር ደንብ አላቸው፣ ስልጠና ይሰጣሉ።

የጎደለ የለም አልልም። ማቀዝቀዣ የለንም። ሀስ ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ወደ 5 እና 6 ዲግሪ ካልወረደ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባህር የሚሄደውን መንገድ አይችልም፤ እኛ ጋ ደግሞ ፍሬው መኪና እስኪመጣ ጥላ ስር ነው የሚቀመጠው። ባለሙያችንም ከቀበሌ ቀበሌ የምትደርሰው በእግሯና በባጃጅ ነው። የሚመለከተው አካል ይሄን ካነበበ አንድ ሞተር ሳይክል ይስጣት። ከልቤ ነው የምለው፤ ስንት ማሳ እንደምታድን እኔ አውቃለሁ።

እና እንግዲህ፣ ባለሙያችን፣ የችግኝ ጣቢያ ልጆች፣ የመልካሳ ተመራማሪዎች፣ ጋሼ፣ ሊቀመንበራችን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። አባቴም "ምርቃቴን አድርስልኝ" ብሏል፤ አድርሻለሁ።

"የት ልሂድ" ብላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ደግሞ፦ መጀመሪያ የወረዳችሁ ግብርና ጽህፈት ቤት ግቡ፣ የፍራፍሬ ወይም የሆርቲካልቸር ባለሙያ ብላችሁ ጠይቁ፣ መሬታችሁን ሳያዩ ምክር አትቀበሉ። ችግኝ ስትገዙ ከታች ግንዱ ላይ የማዳቀያውን ጠባሳ በእጃችሁ ዳስሱ፣ የእናት ዛፉ ምንጭ የት እንደሆነ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። አካባቢያችሁ ማህበር ካለ ከመትከላችሁ በፊት ተመዝገቡ፣ ገዢው የትኛውን ዝርያ እንደሚፈልግ እነሱ ያውቃሉ። በሰኔ ዝናብ ለመትከል ያሰበ ሰው ጉድጓዱን በሚያዝያ ቆፍሮ፣ የላይኛውን አፈር ለብቻ አድርጎ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ያዘጋጅ። ችግኝ ጣቢያዎቹ ግንቦት ላይ ስለሚጨናነቁ ደግሞ ከወዲሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።