የእንጨት ቀለበት ወይስ የብር ቀለበት? በእጅ መሥራት ለሚጀምር ሰው

ወጪው፦ እንጨት ይረክሳል። ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈ የዞጲ (የጥቁር ጠንካራ እንጨት) ቁራጭ፣ መሰርሰሪያ፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ካለ ሥራ ይጀመራል። ብር ራሱ ውድ ነው፤ መበየጃ እሳትና ማጽጃ አሲድም ይከተሉታል።

ቅለቱ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እንጨት የዋህ ይመስላል እንጂ ይቅርታ አያውቅም። ከጠፍጣፋ ቁራጭ የተፈለፈለ ቀለበት በሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ቃጫው አጭር ስለሚሆን፣ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚሰበረው በዚያው ነው። መፍትሔው በእንፋሎት የለሰለሰ ስስ የእንጨት ልጣጭ ጠቅልሎ በሙጫ መደራረብ ነው። ብር በአንጻሩ ሲቀጠቀጥ ይደድራል፣ በእሳት ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። የተበላሸውም ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለጌጥ የተለመደው ግን 92.5 በመቶ ብር ሆኖ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ ንጹሑ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይለሰልሳልና።

አደጋው፦ የብር ሥራ ያቃጥላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። የሚናቀው የዞጲና ሮዝውድ የተባለው ጠንካራ እንጨት ብናኝ ነው፤ ቆዳንና ሳንባን ስለሚያስቆጣ ያለ ጭምብል አይሞረድም። የሮዝውድ (የዳልበርጂያ) ዝርያዎች ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉም ሳይተስ በተባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት ሥር ስለሆኑ፣ ምንጩ ያልታወቀ ቁራጭ ባይገዛ ይመረጣል።

እጁን አዘውትሮ ለሚታጠብ፣ ወይም የጣቱ ልክ ሊለወጥ ለሚችል ሰው ብር ይስማማል፤ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ከቀለበት ሌላ ጆሮ የማይጎትት ትልቅ ጉትቻ ለሚፈልግ ግን፣ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ፣ እኔ ያለ ማመንታት እንጨት እመርጣለሁ።