ሪቮልቨር ወይስ ባለካዝና ሽጉጥ?

ጎጃም ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ሊታጠቅ ያሰበ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።

ጥይት፦ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ይይዛል። ማካሮቭ የሚባለው ባለካዝና ሽጉጥ እጀታው ውስጥ በሚገባው ካዝና 8።

አያያዝ፦ ባለካዝናው ቀጠን ስለሚል ከጋቢ ስር አይጎላም። ሪቮልቨር ወገቡ ወፈር ይላል።

ጥይት ሲከሽፍ፦ በሪቮልቨር ቃታውን ደግሞ መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ይመጣል። ባለካዝናው ግን የላይኛው ተንሸራታች ክፍሉ በሁለት እጅ ወደ ኋላ ተስቦ የከሸፈው መውጣት አለበት። ይሄ ልምምድ ይፈልጋል።

አደጋ፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ ይመስላል። የጎረሰው አንድ ጥይት ግን ውስጡ ሊቀር ይችላል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ አስቡት! ሪቮልቨር ተከፍቶ በዓይን ይቆጠራል።

አልፎ አልፎ ለሚታጠቅ፣ ልምምድ ለሌለው ሪቮልቨር ይቀለዋል። አዘውትሮ ለሚለማመድና ፈታትቶ ለሚያጸዳ ባለካዝናው ይሻላል።