ጊታሩ ሌላ፣ ወረፋው ሌላ

ከአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ያዘዝኩት አኮስቲክ ጊታር በመጨረሻ እጄ ገባ። ስማቸውን አልጠራም። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ገበያቸውን መዝጋት አልፈልግም።

ከጊታሩ ልጀምር። ፊቱ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ደግሞ ማሆጋኒ ከሚባል እንጨት ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ኤፍ የሚባለውን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ነው። ርካሽ ጊታር ላይ ይሄ ኮርድ ብዙ ጊዜ ጉድ ያፈላል። ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ላይ ያሉት የክር መቀመጫዎች በደንብ ስላልተሞረዱ ክሩን ስትጫነው ከልክ በላይ ይወጠርና ቅኝቱ ይዛነፋል። እዚህ ግን ንቅንቅ የለም። ነቱ ከአጥንት ነው፤ እያንዳንዱ መቀመጫ በክሩ ውፍረት ልክ ተሞርዷል። መዳፌን በአንገቱ ጠርዝ ሳንሸራትት አንድም ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለ ቀጭን ብረት) አልቧጨረኝም። በድምፅ ቀዳዳው ትንሽ መስታወት አስገብቼ ውስጡንም አየሁ (ጠርጣራ ነኝ፣ ምን ላድርግ!)። ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉት እንጨቶች ወደ ጫፋቸው እየሳሱ በመሮ ተጠርበዋል። የፈሰሰ ሙጫ የለም። ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ የሚጨነቅ ባለሙያ እጁ ይባረክ።

ማስታወቂያቸው ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ወሬው ሁሉ የዛጎል ጌጥና ለጀርባና ለጎን የሚሆን “ብርቅዬ ሮዝዉድ” እንጨት ነው። የብራዚል ሮዝዉድ እኮ ብርቅ የሆነው ዛፉ ስለተመናመነ ነው፤ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ፣ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት በጥብቅ ተገድቧል። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ደግሞ በ1862 ጀርባና ጎኑ ከወረቀት ብስባሽ የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር፣ ለድምፅ ዋናው የፊቱ ሰሌዳ መሆኑን ለማሳየት። “መቶ በመቶ በእጅ” የሚሉትም አለ። ስጠይቃቸው አንገቱን መጀመሪያ የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን መሆኑን ነገሩኝ። ታዲያ ምን ችግር አለው? ቴይለርን የመሰለ ስመ ጥር የጊታር ኩባንያ በግልጽ ያደርገዋል። ማሽኑ ከባዱን ሥራ ካቀለለለት ሰውየው ጊዜውን ነቱና ፊቱ ላይ ያጠፋል። መደበቁ ነው ያልገባኝ።

ወደ ወረፋው ስንመጣ፣ ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ የርክክቡ ቀን ሲገፋ ሲገፋ ከረመ። የሚያዘገይ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ናይትሮ የሚባለው የእንጨት ቫርኒሽ በስሱ ተደራርቦ ይቀባል፤ ጠንክሮ እስኪወለወል ሳምንታት ይፈልጋል። እንጨቱም የክፍሉ አየር እርጥበት 45 በመቶ አካባቢ ካልሆነ ነገ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። እሱን እታገሣለሁ። ያበሸቀኝ ሌላ ነው። የኔ ጊታር ገና ቀለም ሳይነካ ለአንድ ዩቲዩበር አዲስ ሞዴል ልከው ቪዲዮውን ለጠፉ። ቪዲዮው አዲስ ደንበኛ ያመጣል፣ አዲሱ ደንበኛ ቀብድ ይከፍላል፣ እጆቹ ግን ያው እጆች ናቸው።

ከእንደዚህ ዓይነት ቤት ለማዘዝ ካሰባችሁ ስለ እንጨቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዓመት ስንት ጊታር ትጨርሳላችሁ? ከኔ በፊት ስንት ሰው አለ? በዓመት 30 የሚጨርስ ሰው ከፊታችሁ 90 ትእዛዝ ካለው “ስድስት ወር” ቢላችሁ አትመኑት። ወርክሾፑም ቢሆን በየጊዜው ጥቂት ዝግጁ ጊታሮች ቢያስቀምጥና ወረፋው ሲሞላ ትእዛዝ መቀበል ቢያቆም ይሻለው ነበር። ለጊዜው ገቢው ይቀንስ ይሆናል፣ ስሙ ግን ይተርፋል።

ሁለተኛ ከነሱ እገዛለሁ? ተሠርቶ ያለቀ ካገኘሁ ዐይኔን አላሽም። ቀብድ ከፍዬ ግን አልጠብቅም።