በጅማ ልጅ በአደራ ለመቀበል ለምታስቡ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ምስጋናዬ በከተማችን የሕፃናትን ጉዳይ በሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ለምትሠራ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ጥቆማዬ ደግሞ ልጅ በአደራ ተቀብሎ፣ ማለትም የተወለደበት ቤተሰብ እስኪቃና ለጊዜው ይዞ፣ ማሳደግን አስበው "ከመንግሥት ቢሮ ጋር ማን ሲመላለስ ይኖራል?" ብለው ለተዉት የጅማ ቤተሰቦች ነው። ስሟን እንድጽፍ ጠይቄያት አልፈቀደችም። "እትዬ፣ ከጻፉ ስለ ሥራው ይጻፉ" አለችኝ። ስለዚህ ስሟን አልጠራም። ቢሮው ድረስ የሄደ ሰው ግን ሳይጠይቅ ያገኛታል፤ ወረፋ የማይጠፋው እሷ በር ላይ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ጊንጆ አካባቢ በርጩማ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከቤት ወጥተዋል። ባለፈው ዓመት እናታቸው ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ሰብሳቢ ያጡ እህትና ወንድም ተቀብለን አብረውን ኖሩ። እሷ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ እሱ ገና መራመድ መጀመሩ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ማንነታቸው አልጽፍም፤ ፎቶግራፋቸውንም አልለጥፍም። ይህ የሠራተኛዋ ጥብቅ ማሳሰቢያ ነው፤ እኔም ከልቤ እስማማበታለሁ። የችግረኛ ልጅን ፊት በየስልኩ ማዞር በጎ አድራጎት የሚመስላቸው ሰዎች በዝተዋል። ያ ልጅ ነገ አድጎ በክፍል ጓደኞቹ ፊት እንደሚቆም የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት የምታውቀውን ሁሉ ስለነገረችን ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሌላ ከተማ የምትኖር የቀድሞ ባልደረባዬ ልጅ ስትቀበል አንድ ወረቀት አስፈርመው፣ ልጁን ደጃፏ ላይ አስረክበዋት ነው የሄዱት። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያወቀችው ሌሊት ሲጥለው ነው። የእኛዋ ግን ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ቡና እስኪፈላ ማስታወሻዋን ዘርግታ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችን። ትንሹ የትኛውን ክትባት እንደወሰደና የትኛው እንደቀረው፣ ሌሊት ምን እንደሚያስለቅሰው፣ ትልቋ ከማን ጋር እንደኖረች፣ በዚያ ዕድሜዋ ምን ምን እንዳየች ነገረችን። ያላወቀችውን ደግሞ "ይህን አላውቅም፤ ሳውቅ እነግራችኋለሁ" አለች። በመጨረሻም "ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ይቅርብን ብትሉ አልቀየምም" አለችን። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እሱ እንቢ የማለት መብት ሲሰጡት እሺ የሚል ሰው ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡን ያልወደደውም እሱ ነበር። ሠራተኛዋ ለአደራ ቤተሰቦች በሰጠችው ሥልጠና ላይ እጁን አውጥቶ "የሕፃናት ማሳደጊያ እያለ እኛን ሽማግሌዎቹን ለምን ትፈልጉናላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። አልተቆጣችውም። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ስለተደረገ አንድ ጥናት ነገረችው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ወደ አደራ ቤተሰብ አስገብተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በአእምሮ እድገትም፣ ከሰው ጋር በመቀራረብም በማሳደጊያ ከቀሩት ተሽለው ተገኙ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። እኔ ልብ ያልኩት ግን ቀጥላ የተናገረችውን ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ልጅ ተሰጥቷቸው ብቻቸውን አልተተዉም ነበር፤ ቤታቸው የሚመላለስና ሲቸገሩ የሚደርስላቸው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበራቸው። "የእኔም ሥራ ይኸው ነው" አለች።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ፣ ወንድምና እህትም ያለ በቂ ምክንያት እንዳይለያዩ ይላል። መመሪያ በመደርደሪያ ላይ ብዙ አለ። የእኛዎቹ ልጆች ግን ለሁለት ቤት ሊከፈሉ ተቃርበው እንደነበር በኋላ ከሌሎች ሰማን። ሁለቱን አንድ ላይ የሚቀበል ቤት እስኪገኝ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረችው እሷ ናት።

ልጆቹ መጡ። ትልቋ ወንድሟን ከጀርባዋ አታወርድም ነበር። በነጠላ አዝላው ትበላለች፤ አዝላው ሽንት ቤት ትሄዳለች፤ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ራሷ ትቀምስና ጥቂት ጠብቃ ለእሱ ታጎርሰዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከልጆች ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ጨንቆኝ ስደውልላት "አይቀሟት" አለችኝ። "እስካሁን እናት ሆና የቆየችው እሷ ናት። ሥራዋን በአንድ ቀን ከነጠቅናት ባዶ እጇን ትቀራለች። እርስዎ ውኃውን ያሙቁላት፣ እሷ ትጠበው።" እንዳለችው አደረግን። እኔ ገንፎውን እሠራለሁ፣ እሷ ታበላዋለች። ባለቤቴ ተቀምጣ እንድታበላው በቁመቷ ልክ በርጩማ ሠራላት። ሳምንታት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ውስጥ መሬት ጭረው ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ከበሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ነጠላውን ፈታች፣ ወንድሟን ጭኔ ላይ አስቀመጠች፣ በአፋን ኦሮሞ "አኮ፣ ያዥልኝ" ብላኝ ወጣች። አያቷን እንደምትጠራ ነው የጠራችኝ። ያን ቀን ወጡ አረረብኝ፤ ግድም አልሰጠኝ።

የሠራተኛዋ ዋና መሣሪያ አንድ ተራ ደብተር ነው። ገጹ መሐል ለመሐል በማስመሪያ ይሰመራል። በግራ በኩል እኛ፣ በቀኝ በኩል እሷ እንጽፋለን። እኛ "ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቃ" ብለን ከጻፍን በሚቀጥለው ጉብኝቷ አንብባ ትጠይቀናለች፣ ምክሯንም ታሰፍራለች። አንድ ገጽ ላይ "የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት በ15 ወሩ ነው፤ ካርዱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ" የሚል አለ። ከሥሩ ደግሞ "እናትየው ዛሬ ተቀምጣ በላች፤ ለልጅቷ ንገሯት" ይላል። ይህች ሁለተኛዋ መስመር ለልጅቷ ከመድኃኒት በላይ ሠርታለች። ሆስፒታሉም፣ ቢሮውም፣ ቤታችንም የሚያውቁት ነገር አንድ ቦታ ይገናኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ስንት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ስኖር ይህን ያህል የተነበበ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ጉዲፈቻ የወሰድን መስሏቸው እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን መጡ። አልፈርድባቸውም፤ በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ዘመናት ያስቆጠረ ነውና በጅማ ሰው ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነው። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። በጉዲፈቻ ልጁ በፍርድ ቤት ውሳኔ የቤቱ ልጅ ይሆናል። በአደራ ግን የተወለደበት ቤተሰብ እስኪቃና ድረስ በጊዜያዊነት ነው የምትይዙት። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ለውጭ አገር ዜጎች የሚደረግ ጉዲፈቻ ከቆመ ወዲህ ልጆቻችንን እዚሁ የሚይዝ ቤት የበለጠ ያስፈልጋል። ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ለእኛ ብቻ አልነገረችም። በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተገኝታ ለመንደሩ ሰው አስረዳች። ከዚያ በኋላ ልጅቷን "እናትሽ የት አለች?" እያለ መንገድ ላይ የሚያስቆማት ጠፋ።

አንድ ቀን ትንሹ ትኩሳት ይዞት ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ወሰድነው። የመዝገብ ክፍሉ ሰው "ወላጅ ካልሆናችሁ ማን ይፈርማል?" ብሎ ቆሞ ቀረ። ልጆቹ በአደራ እንደተሰጡን የሚገልጸውን በእጃችን ያለውን ደብዳቤ አላየውም፤ ሊያየውም አልፈለገም። ደወልኩላት። ሥራ ከወጣች በኋላ ነበር፤ በዝናብ፣ በባጃጅ መጣች። ድምጿን ሳትጨምር ደብዳቤውን መስመር በመስመር አነበበችለት። ልጁ ታከመ። እኔ ብሆን መጮሄ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ የከበደው መመለሱ ነው። እናትየው ድና ወጣች፤ ሠራተኛዋም የልጆቹን አክስት አፈላልጋ አገኘች። እንዴት እንዳገኘቻት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ የእኔ ስላልሆነ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ያን ሰሞን "ልጆቹ እዚሁ ይቅሩና እናትየው እየመጣች ትያቸው" የሚል ሐሳብ አቀረበ። "አባባ፣ እናት አላቸው" አለችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እሷ ግን አንቀጽ አልጠቀሰችም። ያችን አጭር መልስ ስለሰጠችን ዛሬ አመሰግናታለሁ። ያን ቀን አላመሰገንኳትም።

ጊዜውን በሚመለከት ግን ሰማችን። ቤተሰቡ ልጆቹን በሚያዝያ ለመውሰድ ቸኩሎ ነበር። እኛ ደግሞ ልጅቷ ማንበብ የጀመረችው ገና በዚያ ሰሞን ስለሆነ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ብትቆይ አልን። በልጆቹ ጉዳይ ላይ የሚመክር ስብሰባ ተጠራ። ከቀበሌ፣ ከፖሊስ የሕፃናትና ሴቶች ጥበቃ ክፍል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አክስትየዋም ተገኙ። እንዲህ ባለ ስብሰባ የአደራ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ጥግ ተቀምጦ የተወሰነውን ይሰማል። እሷ ግን "መጀመሪያ አብሯቸው የሚያድረው ይናገር" ብላ ወደ እኛ ዞረች። ከዚያ አክስትየዋ ተናገረች። መመለሱ ወደ ሰኔ ተዛወረ። እስከዚያው ግን እናትና አክስት በየሳምንቱ እንዲመጡ ተወሰነ። እኛ ቤት አደሩ፣ ገንፎውን አብረን ሠራን፣ ልጁ የሚተኛው ጀርባው ሲታሸት መሆኑን አዩ። ሰኔ ላይ ሲሄዱ ወደማያውቁት ሰው አልሄዱም። በርጩማዋንም ይዛ ሄዳለች። አሁንም ይደውሉልናል።

እንግዲህ ማር ብቻ አላቀርብም። ለአደራ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ጥቂት ነው፤ ዘይት፣ ዱቄትና የትምህርት ቁሳቁስ፣ እሱም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ለገቢ ብሎ የሚያስብ ካለ ከአሁኑ ይቅርበት። ማጣራቱም ቀላል አይደለም። እኛ የነዋሪነት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ከወንጀል ነፃ መሆናችንን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት ተጠይቀናል። ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ ተጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ተጠይቀናል፤ እሱ ምን እንዳለ እስካሁን አልነገረኝም። ሀብታም መሆን ግን አያስፈልግም። ንጹሕ መኝታ፣ ሰላም ያለው ቤትና ልጁ ሲመለስ የሚለቅ ሰው ነው የሚፈልጉት። ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ወደ እሷ ይመሯችኋል። በተለይ ወንድምና እህት አንድ ላይ የሚቀበል ቤት በጣም ያጥራታል።

ለኃላፊዎቿም አንድ ነገር ልበል። ይህች ሴት ከአስፋልት ወጥታ ጭቃ እየረገጠች፣ የባጃጁንም አብዛኛውን ከኪሷ እየከፈለች ነው ቤት ለቤት የምትዞረው። ሞተር ሳይክል ቢቀር የትራንስፖርት ገንዘቧን በወቅቱ ስጧት። ጎበዝ ናት ብላችሁም በዕድገት ስም ወደ ሌላ ክፍል እንዳታዛውሩብን። እኔና ባለቤቴ ለሚቀጥሉት ልጆች ስማችንን አስመዝግበናል፤ የተመዘገብነውም እሷ እዚያ አለች ብለን ነው።