ያገለገለ አይፎን 13፣ ያገለገለ ኤስ23 አልትራ ወይስ አዲስ ኤ55? ለእይታም ለሥራም የሚሆነውን ለመምረጥ

ስልክ ዛሬ እንደ ጫማና እንደ ሰዓት የአለባበስ አካል ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ከልብሱ እኩል የሚያሳየው የስልኩን ጀርባ ነው፤ የሚያየውም ሰው ካሜራዎቹ እንዴት እንደተደረደሩ አይቶ ሞዴሉን ያውቀዋል። ለዚህ ብሎ መክፈል ምንም ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው ያ ሁሉ ገንዘብ ቀፎው ብቻ አምሮ ውስጡ ለተቀያየረ ስልክ ሲወጣ ነው።

ለእይታ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገሮች መካከል ያመነታል፦ ያገለገለ አይፎን፣ ያገለገለ ትልቁ ሳምሰንግ፣ ወይም ከካርቶኑ የሚወጣ አዲስ መካከለኛ ስልክ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ወስደን፣ አይፎን 13ን፣ ሳምሰንግ ኤስ23 አልትራንና ሳምሰንግ ኤ55ን እንያቸው። ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ እዚህ አልጻፍንም።

አይፎን 13

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ቢሆንም መልኩ ገና አላረጀም። ሁለቱ ካሜራዎች በሰያፍ የተቀመጡ ናቸው፤ 14ም እንዲሁ ስለሆነ ከጀርባ ያየ ሰው በቀላሉ አይለያቸውም። ፕሮሰሰሩም በሁለቱም ኤ15 ነው። ስለዚህ ለእይታ ብሎ ከ13 ወደ 14 ገንዘብ መጨመር አይመከርም። እንዲያውም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ፣ በማይወጣ ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። ዘመድ ከአሜሪካ ሲያመጣላችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ኢሲም ኢትዮ ቴሌኮም ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ስልኩ ቢሰበር ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መክተት የለም።

13 አንድ ተራ ሲምና ኢሲም ይይዛል። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮምን አብሮ የሚጠቀም ሰው አንዱን ወደ ኢሲም መቀየር ይኖርበታል። ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ የተሠሩት ግን ሁለት ተራ ሲም ይቀበላሉ።

ያገለገለ አይፎን ላይ ማታለያው ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አንደኛው ከ2018ቱ አይፎን ኤክስአር የሚሠራው ነው። የኤክስአርን ውስጥ የፕሮ ሞዴል በሚመስል ቀፎ ውስጥ ይከቱትና ሦስት ካሜራ ያለው ያስመስሉታል፤ ከሦስቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ካሜራውን ክፈቱና 0.5 የሚለውን ፈልጉ፤ ከሌለ ሰፊውን የሚያነሳው ሌንስ የለም ማለት ነው። ጨለማ ቦታ ላይም ሞክሩት፤ ኤክስአር የማታ ፎቶ ሁነታ የለውም።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ተራው 13 የወጣው በጥቁር፣ በነጭ፣ በሰማያዊ፣ በሮዝ፣ በቀይ እና ቆይቶ በአረንጓዴ ነው። ወርቃማ ወይም ወይን ጠጅ 13 ከቀረበላችሁ ቀፎው ተቀይሯል፤ ቀፎ የተቀየረለት ስልክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ስለሆነ የውኃ መከላከያው አይታመንም።

ከዚያ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ግቡ። ባትሪው፣ ስክሪኑ ወይም ካሜራው ተቀይሮ ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ የዕቃ ታሪክ የሚል ክፍል ይመጣል፤ «የማይታወቅ ዕቃ» ካለ ኦርጅናል አይደለም ወይም ዕቃው ከዚህ ስልክ ጋር አልተጣመረም። የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደልም እዩ፦ በ«ኤም» ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ በ«ኤፍ» ከጀመረ አፕል ራሱ አድሶ የሸጠው፣ በ«ኤን» ከሆነ በምትክ የተሰጠ ነው። ከታች ካሪየር ሎክ (ስልኩ በአንድ ኔትወርክ ሲም ብቻ እንዲሠራ መቆለፉን የሚያሳየው) የሚለው ላይ የሲም ገደብ እንደሌለው መጻፍ አለበት። ገደብ ያለበትን ስልክ ከሲሙ ስር ቀጭን ቺፕ አድርገው ያሠሩታል፤ ስለዚህ የሲሙን ትሪ አውጥታችሁ ማየት አትርሱ። ቺፑ ሶፍትዌር ሲታደስ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ባትሪ ላይ 100% የሚለውን አይታችሁ አትደሰቱ። በተለመደ አጠቃቀም የ13 ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ካለቀ በኋላ 80% አካባቢ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ያህል ዓመት የሠራ ስልክ 100% ካሳየ ባትሪው ተቀይሯል፣ ካልሆነም ቁጥሩ ተነካክቷል። ኦርጅናል ባትሪ ሆኖ 84% የሚል ስልክ ከዚያ የበለጠ ይታመናል።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ሻጩ እናንተ ፊት ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ያጥፋው፣ ዋይፋይ ላይ አገናኝታችሁ እንደ አዲስ አስጀምሩት። የቀድሞ ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ወይም የርቀት አስተዳደር (ስልኩን አንድ ድርጅት ከሩቅ እንደሚቆጣጠረው የሚያሳይ) የሚል ገጽ ከመጣ ገንዘቡን አትክፈሉ። «ነገ እናስከፍተዋለን» የሚለውን ቃል አትቀበሉ።

ኤስ23 አልትራ

በ2023 የወጣው ይህ ስልክ ዓይን የሚስበው በመጠኑ ነው፦ 6.8 ኢንች ስክሪን፣ ከውስጡ የሚወጣ እስክሪብቶ፣ 200 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ። በሥራ አቅም ሦስቱንም ስናይ ይኼኛው ቀዳሚ ነው። ሰርግ ላይ ከሩቅ የሚያነሳ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ሰነድ ላይ የሚፈርም ሰው አይፎን 13ን ትቶ ይህን ቢይዝ አይቆጭም።

ችግሩ ስክሪኑ ነው። ጠርዙ ጠመም ያለ ስለሆነ ሲወድቅ ከጎን ይሰነጠቃል፤ ስክሪኑ ደግሞ ከስልኩ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው። ስለዚህ ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪኑን ዋጋ ጠይቁ። መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እያፈራረቃችሁ የጠቆረ ጥላ ወይም ቀጭን መስመር መኖሩን እዩ። ኪቦርዱ ወይም የላይኛው ባር እንደ ጥላ ተቀርጾ ከቀረ ስክሪኑ ተቃጥሏል፤ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው። እስክሪብቶውንም እዚያው ገጽ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱት።

የሞዴሉ ቁጥር በ«ቢ» የሚያልቀው ሁለት ተራ ሲም የሚይዘው ዓለም አቀፉ ነው፤ «ዩ» የአሜሪካ፣ «ኤን» የኮሪያ ነው። የኮሪያው ላይ ካሜራው ፎቶ ሲያነሳ የሚያሰማው ድምፅ ከሴቲንግ አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ስብሰባ ላይ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በብድር ተወስደው ክፍያቸው ያላለቀ ሳምሰንጎችም አሉ፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ ከርቀት ይቆለፋሉ። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር እዚህም ግዴታ ነው።

ኤ55

እንዲህ ዓይነቱን ስልክ ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ በእኛ እምነት ግን አግባብ አይደለም። በ2024 የወጣ፣ ጠርዙ ብረት፣ ጀርባው መስታወት፣ ስክሪኑ 6.6 ኢንችና 120 ኸርዝ (በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚታደስ) ነው፤ አይፎን 13 60 ኸርዝ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲነካኩ ኤ55 ይፈስሳል። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። 4 የአንድሮይድ ዕድገትና 5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ተገብቶለታል። ካሜራው ቀን ላይ ጥሩ ነው፤ ማታ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ግን ከሁለቱ ይቀራል። ለእይታ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ ከሩቅ ያየው ሰው ስሙን አያውቀውም።

ከሦስቱ

ዋናው ፍላጎታችሁ መታየት ከሆነና ከላይ ያለውን ፍተሻ ለመሥራት ትዕግሥቱ ካላችሁ አይፎን 13ን ውሰዱ፤ ተራውንና ውስጡ ለጥገና ያልተከፈተውን። ባትሪና ስክሪኑ ተቀይሮ የረከሰ 13 ፕሮ ማክስ ቢቀርብላችሁም አትለውጡት። ስልኩ እንጀራ የሚያበላችሁ ከሆነ ኤስ23 አልትራ። አብሯችሁ ሄዶ የሚፈትሽ ሰው ከሌለና ስልኩን አራት ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ ኤ55ን ከነካርቶኑና ከነዋስትናው ግዙ። ቻርጀር ካርቶኑ ውስጥ አይመጣም፤ ኤ55 እስከ 25 ዋት ይቀበላል፣ ለአይፎኑ 20 ዋት ይበቃዋል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ርካሽ ኮፒ ቻርጀር ስልኩን ይዞ ሊጠፋ ስለሚችል እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

አይፎን ገዝቶ ኤርፖድስ (የአፕል ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ) የሚጨምር ካለ፣ ኮፒዎቹ ክዳናቸው ሲከፈት ልክ እንደ ኦርጅናሉ የመገናኛ መስኮት ያመጣሉ፤ ያ ማረጋገጫ አይሆንም። አይኦኤስ 16 እና ከዚያ በላይ ያለው አይፎን ላይ አገናኙት፦ ኦርጅናልነቱ አልተረጋገጠም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ኮፒ ነው። ፕሮ ነው ከተባለ ደግሞ የመኪና ድምፅ ባለበት መንገድ ዳር ቆማችሁ ድምፅ መከላከያውን አብሩና አጥፉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ካልተሰማችሁ አትግዙት።