ከከተማ ዳር ወደ መሀል ለሚመላለስ ሰው፦ ሜትሮ፣ የዳርቻ ባቡር ወይስ ቢአርቲ?

ከተማ ዳር ቤት ስትፈልጉ ደላላውም አከራዩም "ባቡር አጠገቡ ነው" ይላችኋል፣ ግን የቱ ባቡር? ከተማ ውስጥ በቅርብ በቅርብ የሚቆመው ሜትሮ፣ ከሩቅ ሰፈር ሰው የሚያመጣው የዳርቻ ባቡር፣ ወይስ ጭራሽ ባቡር ሳይሆን የራሱ ሌን ያለው አውቶቡስ፣ ማለትም ቢአርቲ? ካርታ ላይ ሁሉም ባለቀለም መስመር ነው የሚመስለው፣ ጠዋት ጠዋት የሚበላባችሁ ሰአት ግን ለየቅል ነው።

ፓሪስን እንይ። ከናሲዮን ጣቢያ ተነስታችሁ ቢሮዎቹ ወደተደረደሩበት ላ ዴፋንስ ለመሄድ ከሞላ ጎደል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉ፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1900 (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም እንደዛው ናቸው) ስራ የጀመረው ሜትሮ መስመር 1 ነው፣ ሌላው አርኢአር ኤ የሚባለው የዳርቻ ባቡር። ሜትሮው መሀል ላይ 19 ጣቢያ ይቆማል፣ አርኢአሩ 4 ብቻ! ባቡር ደግሞ ፍጥነቱን የሚጨርሰው በመቆም ነው፣ ፍሬን፣ በር መክፈት፣ ሰው እስኪገባ፣ እንደገና መነሳት... ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የጣቢያ ብዛት ከኪሎሜትር በላይ ነው የሚያደክመው።

ታዲያ ሜትሮ ምን ይጠቅማል? ድግግሞሹ ነዋ። መስመር 1 ያለ ሹፌር ነው የሚሄደው፣ በስራ መግቢያ ሰአት አንዱ ቢያመልጣችሁ ወዲያው ሌላው ይመጣል፣ ፕሮግራም ማየት ምናምን የለም። እኔ እስከ 10 ኪሎሜትር አካባቢ ከሆነ ሜትሮ እመርጣለሁ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ግን የዳርቻ ባቡር፣ መሀሉ ላይ ያለው እንደ ጣቢያው ነው።

የዳርቻ ባቡር ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ቅርንጫፍ ነው። የለንደኑ ኤልዛቤት መስመር (በ2022 የተከፈተው) መሀል ከተማ ላይ በፒክ ሰአት በሰአት 24 ባቡር አለው ሲባል ያስጎመጃል፣ ግን በምስራቅ በኩል ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሼንፊልድ አንዱ ወደ አቢ ዉድ፣ ስለዚህ እናንተ ሰፈር የሚደርሰው የዛን ያህል አይደለም። የመስመሩን ሳይሆን የራሳችሁን ጣቢያ ፕሮግራም እዩ፣ በተለይ የማታውን፣ ምክንያቱም ጠዋት በየ5 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር ከምሽቱ 3 ሰአት በኋላ ግማሽ ሰአት ሊያስጠብቅ ይችላል።

ሌላው፣ ባቡሩ የት ነው የሚያልቀው? የድሮ ባቡሮች መሀል ከተማ አይገቡም ነበር፣ ዳር ላይ ትልቅ ጣቢያ ያራግፏችሁና ከዛ ወርዳችሁ ሜትሮ መሳፈር ነው። ፓሪስም ለንደንም ከስር ዋሻ ቆፍረው ያስገቧቸው ለዚህ ነው። ቶክዮ ደግሞ ከ1960 ጀምሮ የዳርቻ ባቡሮች ቀጥታ ሰብዌው (የከተማው ሜትሮ) ውስጥ ይገባሉ፣ ተሳፋሪው ከወንበሩ ሳይነሳ። ለኔ ይሄ ከፍጥነትም በላይ ነው፣ መቀየር ማለት ደረጃ፣ ግፊያ፣ የሁለተኛው ባቡር ጥበቃ፣ ደሞ የመጀመሪያው ትንሽ ከዘገየ ሁሉም ይበላሻል። እርግጥ ጣጣም አለው፣ ሙኒክ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ ኤስ ባን የሚባሉት ባቡሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ በአንድ ባለሁለት ሀዲድ ዋሻ ነው መሀል ከተማን የሚያቋርጡት፣ እዛ ውስጥ አንድ ነገር ከተበላሸ ከተማው ዙሪያ ያለው ሰው በሙሉ ይዘገያል። ሁለተኛ ዋሻ እየሰሩ ያሉት ለዛ ነው።

ሜትሮም ሆኖ ፈጣን የሚሆንበት መንገድ አለ። ኒውዮርክ ገና በ1904 ሲከፍት አራት ሀዲድ ጎን ለጎን ዘርግቶ ኤክስፕረሱን (አንዳንድ ጣቢያ ብቻ የሚቆመውን) ከሎካሉ (ሁሉም ጣቢያ ከሚቆመው) ለየ። ሰፈራችሁ ኤክስፕረስ የሚቆምበት ከሆነ እድለኛ ናችሁ፣ ሎካል ብቻ ከሆነ ግን ባቡሩ ሲያልፋችሁ እያያችሁ ነው የምትኖሩት 😂

ወንበር ማግኘት ከፈለጋችሁ የመስመሩ መነሻ ጣቢያ አካባቢ ተከራዩ፣ ሁለት ሶስት ጣቢያ ወደ መሀል ቀረብኩ ብላችሁ በየቀኑ ከመቆም ይሻላል።

ቢአርቲን ሰው "አውቶቡስ ነው በቃ" ብሎ ይንቀዋል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ቢአርቲ፣ ትራንስሚሌኒዮ (በ2000 ስራ የጀመረው) ግን ጣቢያዎቹ ላይ መቅደሚያ ሌን ስላለው ኤክስፕረስ አውቶቡስ የቆመውን አልፎ ይሄዳል፣ ያው መጨናነቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢአርቲ ያለበት ሰፈር ከመከራየታችሁ በፊት በስራ ቀን ጠዋት ሄዳችሁ ሌኑን እዩት፣ ሌላ መኪና የማይገባበት የታጠረ ከሆነ በየግማሽ ሰአቱ ከሚመጣ ባቡር እሱን እመርጣለሁ፣ ቀለም ብቻ የተቀባ ከሆነ ግን እንደ ተራ አውቶቡስ ቁጠሩትና ኪራዩን በዛው ልክ ተከራከሩ።