ማክ፣ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ኮድ ለሚጽፍ ሰው የላፕቶፕ ምርጫ

ለኮድ ሥራ ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚፈጥን ነው። ፍጥነት ግን ዋና መለያ መሆኑ ቀርቷል፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ አዲስ ማሽን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ የምትጽፉት ኮድ በመጨረሻ የሚሠራው የት ነው የሚለው ነው። ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ያ ሰርቨር ሊኑክስ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። አይፎን ላይ ከሆነ ማክ ግድ ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ነው። ላፕቶፓችሁ ከዚያ መድረሻ በራቀ ቁጥር በየሳምንቱ የምትፈቷቸው ጥቃቅን ችግሮች ይበዛሉ። እዚህ የምናወዳድረው በአብዛኛው እነዚያን ችግሮች ነው፤ የፍጥነት ውጤቶችን የትም ታገኟቸዋላችሁ።

ምርጫ የሌለባቸው ሥራዎች

የአይፎንና የአይፓድ አፕ የሚገነባበት ኤክስኮድ ከማክ ውጭ አይጫንም። አንድ ኮድ ለአይፎንም ለአንድሮይድም የሚያገለግልባቸውን ፍላተርን ወይም ሪአክት ኔቲቭን መጠቀምም ከዚህ አያድንም። ኮዱን ዊንዶውስ ላይ መጻፍ ቢቻልም፣ አፑን ገንብቶና ፈርሞ ወደ አፕ ስቶር ለመላክ የራስ ወይም በኢንተርኔት የተከራየ ማክ ያስፈልጋል። ለዴቨሎፐር አካውንት አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላል፤ ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ተቀብሎ ያበቃል። አንድሮይድ ስቱዲዮ በሦስቱም ላይ ይሠራል።

የቆየው የማይክሮሶፍት ዶት ኔት ፍሬምወርክ፣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ደብሊው ፒ ኤፍ እና ዊንፎርምስም ዊንዶውስ ይፈልጋሉ። አዲሱ ዶት ኔት ግን በሦስቱም ላይ ስለሚሠራ፣ ሲ ሻርፕ ስለጻፋችሁ ብቻ ዊንዶውስ ግድ አይሆንም። በኩዳ (በኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ላይ ስሌት በሚያስኬደው ሶፍትዌር) የኤአይ ሞዴል የሚያሠለጥን ሰው ደግሞ የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ማሽን ይግዛ፤ ዛሬ በሚሸጡት ማኮች ላይ ኩዳ አይሠራም።

ሥራችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የቀራችሁ የራምና የስቶሬጅ ጉዳይ ብቻ ነው። የእውነት ምርጫ ያላቸው የዌብና የሰርቨር ሰዎች ናቸው።

ማክ

አፕል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ኤም1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ ማክቡክን በባትሪ ቆይታና ድምፅ ባለማሰማት የሚፎካከሩት ጥቂቶች ናቸው። ቻርጀሩ ተነቅሎም ፍጥነቱ አይወርድም፤ ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ግን ከሶኬት ሲነቀሉ ይንቀረፈፋሉ። ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም። ለአጫጭር ሥራ ይህ ጸጋ ነው፤ ኮምፓይሉ ረጅም ደቂቃዎችን የሚፈጅ ትልቅ ፕሮጀክት ላላቸው ግን ማሽኑ ሲሞቅ ራሱን ስለሚያዘገይ ማራገቢያ ያለው ማክቡክ ፕሮ ይሻላል።

ኤር ከመግዛታችሁ በፊት የውጭ ስክሪን ቁጥሩን እዩ። ኤም1 እና ኤም2 አንድ ብቻ ያወጣሉ። ኤም3 ሁለት የሚያወጣው ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ኤም4 ክዳኑ ተከፍቶም ሁለት ያወጣል። ሁለት ስክሪን አጠገባቸው አስቀምጠው ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት በላይ ዋጋ አለው።

ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተበየደ ነው፤ ከተገዛ በኋላ አይጨመርም። ግራፊክሱም የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የማክቡክ ኤርንና የፕሮን መነሻ ወደ 16 ጊጋባይት አሳድጎታል፤ ያገለገሉ ኤም1 እና ኤም2 ማሽኖች ግን በ8 ጊጋባይት ገበያውን ሞልተውታል። ኤዲተር፣ ብሮውዘርና ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስነሳው መሣሪያ) አንድ ላይ ሲከፈቱ 8 ጊጋባይት ያልቃል። ማሽኑ ወዲያው አይቆምም፤ የጎደለውን ከኤስኤስዲው እየተበደረ ይሄዳል፣ ኮድ ማጠናቀቂያው መዘግየት ይጀምራል፣ ሰውም ጥፋቱን በኤዲተሩ ላይ ያላክካል። በዋጋው አትታለሉ።

አሁን ሰርቨር ለሚሠሩ ሰዎች የሚገጥማቸውን እንይ። ማክ ላይ ዶከር የሚሠራው በስውር በተከፈተ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዶከር የተመደበው ራም ከእናንተ ላይ ይቀነሳል፤ በማኩና በኮንቴይነሩ መካከል በጋራ የምትጠቀሙበት ፎልደርም ይዘገያል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች የያዘውን የጃቫስክሪፕት ጥገኞች ፎልደር ከማኩ ከማጋራት ይልቅ በዶከር ቮልዩም (ዶከር ራሱ በሚይዘው ማከማቻ) ውስጥ ማስቀመጥ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ሁለተኛው የፕሮሰሰር ልዩነት ነው። የማኩ ፕሮሰሰር አርም የሚባለው ዓይነት ነው፣ የብዙ ሰርቨሮች ግን የኢንቴልና የኤኤምዲው ኤክስ86 ነው። ማክ ላይ የተገነባ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ያለ ምንም ቅሬታ ይላካል፤ ሰርቨሩ ላይ ሲነሳ ግን የፋይሉ ፎርማት አልታወቀኝም ብሎ ወዲያው ይወድቃል። መፍትሔው ሲገነባ መድረሻውን ሊኑክስ ኤኤምዲ64 (የ64 ቢቱ ኤክስ86) ብሎ መግለጽ ወይም ግንባታውን ኮድ ሲላክ በራሱ ለሚገነባው የሲአይ ሰርቨር መተው ነው። በላፕቶፑ ላይ ኤክስ86ን አስመስሎ መገንባት ይቻላል፣ ግን በጣም ያዘግማል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ስውር ነው። የማክ ፋይል ሲስተም፣ ሆን ብላችሁ ካልቀየራችሁት፣ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። በትልቅ ፊደል የሚጀምር ፋይል ፈጥራችሁ በኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ብትጠሩት ማክ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ፋይሉ የለም ይባላል። ዊንዶውስም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ከማክ ጋር የሚመጣው የስክሪፕት ማስኬጃ ባሽ 3.2 እጅግ አሮጌ ነው። ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚተካው ሴድ ደግሞ ከሊኑክሱ የተለየው የቢኤስዲ ዓይነት ስለሆነ ለሊኑክስ የተጻፈ ስክሪፕት ይሰበራል፤ በሆምብሩ (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) አዲሶቹን መጫን ያስተካክለዋል። ፖርት 5000 ከሞንተሬይ (ማክ ኦኤስ 12) ጀምሮ ስክሪንና ድምፅ በሚያጋራው ኤርፕሌይ ስለተያዘ፣ በዚያ ፖርት የሚነሳ የፍላስክ (የፓይተን ዌብ) ፕሮጀክት ያለ ግልጽ ምክንያት እምቢ ሊል ይችላል፤ በሴቲንግስ ውስጥ የኤርፕሌይ ተቀባዩን ማጥፋት ይበቃል።

ዊንዶውስ

የዊንዶውስ ትልቁ ጥንካሬ የማሽን ብዛቱ ነው፤ ራሙና ኤስኤስዲው የሚቀየር ላፕቶፕ በቀላሉ ይገኛል። ለዴቨሎፐር ይበልጥ አስፈላጊው ግን በውስጡ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) የሚያስነሳው ደብሊው ኤስ ኤል 2 ነው። በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል፣ ካልቀየራችሁት ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት ያመጣል፣ በሆም እትምም ይሠራል። ለዚህ ብሎ የፕሮ እትም መግዛት አያስፈልግም፤ ፕሮ የሚያስፈልገው የማይክሮሶፍቱን ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ ሃይፐር ቪን በቀጥታ ለሚጠቀሙና ወደ ማሽኑ በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚገቡ ነው።

ደብሊው ኤስ ኤልን ቀርፋፋ ነው የሚሉ ሰዎች ዘንድ በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ስህተት ነው፤ ፕሮጀክቱ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ሊኑክሱ ያንን ድራይቭ የሚያነበው በሁለቱ ሲስተሞች መካከል በተዘረጋ የፋይል ማስተላለፊያ በኩል ስለሆነ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት መዘግየት ይጨመራል። የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊት የፋይሎቹን ሁኔታ ለማሳየት ሰከንዶች ይወስዳል፤ ፋይል ሲቀየር ራሱን ማደስ ያለበት ሰርቨርም ለውጡን አያይም። ፕሮጀክቱን በሊኑክሱ ሆም ፎልደር ውስጥ ክሎን አድርጉና ቪኤስ ኮድን በደብሊው ኤስ ኤል ኤክስቴንሽኑ ክፈቱት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሊኑክሱ በነባሪነት የማሽኑን ግማሽ ራም እንዲወስድ ይፈቀድለታል። በ16 ጊጋባይት ማሽን ላይ 8 ለሊኑክስ ከሄደ ዊንዶውሱና ብሮውዘሩ የሚሻሙት ቀሪውን 8 ነው። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የደብሊው ኤስ ኤል ማስተካከያ ፋይል ይህንን መገደብ ይቻላል። ዲስኩም እንዲሁ ነው፤ የሊኑክሱ ቨርቹዋል ዲስክ ሲሞላ ያድጋል፣ የዶከር ኢሜጆችን ብታጠፉ ግን በራሱ አይቀንስም፤ አልፎ አልፎ በእጅ ማጥበብ ይጠይቃል።

ብዙ ሰዓት የሚበላው ችግር የመስመር መጨረሻ ነው። ጊት ለዊንዶውስ ሲጫን በተለመደው ምርጫ ካለፋችሁ ፋይሎችን ሲያወርድ የእያንዳንዱን መስመር መጨረሻ ወደ ዊንዶውስ ዓይነት ይቀይራል። እንዲህ የተቀየረ የሼል ስክሪፕት ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ሲነሳ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይላል፣ ፋይሉ ግን እዚያው ተቀምጧል። የጠፋው ስክሪፕቱ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር የተጠራው ፕሮግራም ነው፤ ከስሙ ጫፍ ላይ አንድ የማይታይ ምልክት ተለጥፏል። በፕሮጀክቱ የጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ውስጥ የሼል ስክሪፕቶች ሁሉ በሊኑክስ መስመር መጨረሻ እንዲቀመጡ አንድ ጊዜ መጻፍ ለመላው ቡድን ይፈታዋል።

ያለ ሊኑክሱ በቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩ፣ ዊንዶውስ 11 ውስጥ ያለው ዴቭ ድራይቭ ጠቃሚ ነው። ቢያንስ 50 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ የዲፌንደር (የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ) ፍተሻ በዚያ ድራይቭ ላይ ሥራውን እንዳያስጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ለዊንዶውስ ድንበራችሁ ይህ ነው። ስናፕድራገን ኤክስ የተባለ የአርም ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በባትሪ ከማክ ጋር ይቀራረባሉ፤ የኤክስ86 ፕሮግራሞችንም አስመስለው ያስኬዳሉ። ድራይቨር ግን በማስመሰል አይሠራም። የአርም ድራይቨር የሌለው ቪፒኤን ወይም ሃርድዌር ፕሮግራም ማድረጊያ የምትጠቀሙ ከሆነ ተዉት።

ሊኑክስ

ለሰርቨር ሥራ ከዚህ የቀረበ የለም። ዶከር ያለ ቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ በከርነሉ ላይ ይሠራል፣ የፋይል ስሙም፣ ባሹም፣ ሴዱም ሰርቨሩ ላይ እንዳለው ነው። በ16 ጊጋባይት የሊኑክስ ማሽን ላይ የሚነሱ ኮንቴይነሮች በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ተጨማሪ ራም ይጠይቃሉ።

ግር የሚያሰኝ ነገር እዚህም አለ። ትልቅ ፕሮጀክት ሲከፈት «ዲስክ ላይ ቦታ የለም» የሚል ስህተት ይመጣል፣ ዲስኩ ግን ባዶ ነው። ያለቀው ሲስተሙ እንዲከታተል የተፈቀደለት የፋይል ቁጥር ነው፤ ገደቡን ወደ 524,288 ከፍ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው።

የሊኑክስ ፈተና ሃርድዌሩ ነው፤ ስለዚህ ከክፍያ በፊት መሞከር ግድ ይላል። ኡቡንቱን በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት። ዋይፋዩን አገናኙ፤ የኢንቴል ቺፕ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራል፣ ብሮድኮም ከሆነ ተጠንቀቁ። ክዳኑን ዘግታችሁ አሥር ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ ክፈቱት፤ ሞቆ ወይም ሳይነቃ ከቀረ ያ ማሽን ቦርሳ ውስጥ ባትሪ ይጨርሳል። ካሜራውን ክፈቱ፤ አይፒዩ6 በሚባለው የኢንቴል ክፍል የሚያልፉ ካሜራዎች አስቸጋሪ ናቸው። የጆሮ ማዳመጫ ማይኩን፣ የጣት አሻራውንና የውጭ ስክሪኑን ፈትሹ። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ ተከታታይና ፍሬምወርክ በዚህ ፈተና ጥሩ ስም አላቸው።

የኤንቪዲያ ካርድ ካለ ሴኪዩር ቡት ሲበራ ያልተፈረመ ድራይቨር አይጫንም። በጭነቱ ጊዜ የይለፍ ቃል ተጠይቃችሁ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ የሚመጣውን ሰማያዊ ገጽ ካለፋችሁት ካርዱ ሥራ ላይ አይውልም። ያ ገጽ ቁልፉን የምትመዘግቡበት ነው፤ ችላ አትበሉት። ካርዱን ለኩዳ የማትፈልጉት ከሆነ ጭራሽ የሌለበትን ማሽን መግዛት ይሻላል።

ከስርጭቶቹ የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) እትም በየሁለት ዓመቱ ወጥቶ 5 ዓመት ይደገፋል፤ ፌዶራ አዲስ ነገር ቶሎ ያመጣል፣ እያንዳንዱ እትም ግን 13 ወር ገደማ ብቻ ነው የሚደገፈው። መሥሪያ ቤታችሁ ማይክሮሶፍት ኦፊስን ወይም አዶቤን በዴስክቶፕ የሚያስገድድ ከሆነ ሊኑክስን ብቸኛ ሲስተማችሁ አታድርጉት።

የኩባንያዎቹ ጠባይ

አፕል አሮጌውን ያለ ርኅራኄ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለው የማክ ኦኤስ እትም የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ አስቀርቷል፤ ማክ ኦኤስ 26 ደግሞ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው ነው። ስለዚህ የኢንቴል ማክ ዛሬ በምንም ዋጋ አይገዛም። ማይክሮሶፍት የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በዊንዶውስ 11 ላይም ያስኬዳል፤ በምትኩ ሲስተሙን ስትጭኑ አካውንቱንና አገልግሎቶቹን ይገፋባችኋል። ሊኑክስም ከኩባንያ ውሳኔ ነጻ አይደለም። እስከ 2029 ይደገፋል የተባለው የሰርቨር ስርጭት ሴንትኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እንዲቆም የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ወስኗል። እዚያ ግን መሸሻ አለ፤ ሌሎች ኮዱን ወስደው ሮኪ ሊኑክስንና አልማሊኑክስን አቆሙ፣ ሰርቨሮችም ወደዚያ ተሻገሩ።

ገንዘቡ የት ይዋል?

መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ስክሪን፣ ፕሮሰሰር መጨረሻ። 16 ጊጋባይት መነሻ ነው። ብዙ ኮንቴይነር ወይም የአንድሮይድ ኢሙሌተር የሚያስነሳ 32 ይያዝ። ኤስኤስዲ ከ512 ጊጋባይት በታች አትግዙ፤ ኤክስኮድ ከነሲሙሌተሮቹ ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ይበላል። የዊንዶውስ ላፕቶፕ መግለጫ ላይ ራሙ ኤልፒዲዲአር5 ከተባለ ተበይዶ የመጣ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ሶዲም የሚል ካያችሁ ወደፊት ይቀየራል፣ ዛሬ 16 ገዝቶ ነገ መጨመር ይቻላል።

በተመሳሳይ ዋጋ 8 ጊጋባይት ያለው ማክ እና 32 ጊጋባይት ያለው ቲንክፓድ ከቀረበላችሁ፣ ለሰርቨር ሥራ ሁለተኛውን ወስዳችሁ ሊኑክስ ጫኑበት። ራማቸው እኩል ከሆነና ቀኑን ሙሉ ከሶኬት ርቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማኩን ውሰዱ። ሥራችሁ ከቢሮ ፕሮግራሞችና ከሰርቨር የተቀላቀለ ከሆነ ዊንዶውስ ከደብሊው ኤስ ኤል ጋር ያዋጣችኋል፣ 32 ጊጋባይት እስካለው ድረስ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ማሽኑን ፊታችሁ ሙሉ በሙሉ ደምስሶ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ ከመጀመሪያው ገጽ ያስነሳው። ማኩ የሌላ ሰው የአፕል አካውንት ወይም የድርጅት ቁጥጥር ገጽ ካሳየ፣ የዊንዶውስ ላፕቶፑም የማታውቁትን ድርጅት መግቢያ ካቀረበ፣ ዲስክ መደምሰስ አያድነውም፤ መልሱለት። የባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ይለፍ ቃል አለመኖሩንም አረጋግጡ፤ ካለ ከፍላሽ ማስነሳት ሊከለከል ይችላል። ማክ ላይ የባትሪውን ዙር (ስንት ጊዜ ሙሉ አቅሙ እንደተጠቀመበት) በሲስተም ሪፖርት እዩ፤ የተሠራው ለ1000 ዙር ነው። ዊንዶውስ ላይ የባትሪ ሪፖርቱን አውጥታችሁ ሲመረት የነበረውን አቅም አሁን ከሚይዘው ጋር አነጻጽሩ፤ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስላችሁ።